ሰሙ እስኪረጋ

ከደሴ፣ ከሸዋ በር፣ ከቁራሌው ቤት፣
በኪሎ የገዛሁት ሠላሳ ሞተር፣ ሁሉም ነበረው ሌላ ሕይወት፤
አንዱ ካሴት ያዞር ነበር፣ አንዱ የልጅ መኪና፣
አንዱ ከፕሪንተር ሆድ የወጣ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ገና።
አሁን ጠረጴዛው ላይ እንደ ሽምብራ ተዘርግፈዋል፣
"በሉ ልጆች" አልኩ፣ "እነዚህ ዋና ሊማሩ መጥተዋል።"

የጎን ቀዳዳውን በናስትሮ ድፈኑ፣ ሁለት ዙር፣ ሳትሰስቱ፣
ሰም ወደ ብሩሹ ከገባ፣ ሳይሰምጥ ነው መሞቱ።
ሽቦውን በይዱት፣ ቀዩን ከጥቁሩ ሳታምታቱ፤
ከጤና ጣቢያ የለመንነው የክኒን ብልቃጥ ነው ቤቱ።
ክዳኑን በጋለ ምስማር ብሱት፣ ዘንጉ ብቻ ሊያልፍበት።
"ስንት ሚሊ?" አለ ይመር።
"ፀጉር ቢጨመር እንዲጠብበት።"

ከዚያ ሰሙ።
ትርንጎ ከአባቷ ቀፎ በፌስታል ያመጣችው፣
የንብ ክንፍ ያልለቀቀው፣ ክፍሉን በማር ሽታ የሞላው፣
በጣሳ፣ ጣሳው በፈላ ውሃ ውስጥ፣ ቀስ እያለ የቀለጠው።

ከግድግዳው ማዶ የአማርኛው መምህር ድምፅ ይሰማል፣
"ሰሙን ግፈፉት ልጆች፣ ወርቁ ከሥር ነው" ይላል።
ትርንጎ ጣሳዋን ይዛ ሳቀች፦ "ቲቸር፣ እኛ ጋ ተገላብጧል፤
ሰሙን ከገፈፍነው እኮ ወርቁ ውሃ ይጠጣል።"

አትቸኩሉ አልኩ። ሰም ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፣
መሐሉ ጉድጓድ ይሆናል፣ ደግሞ መሙላት ያሻል።
አትቸኩሉ አልኩ፤ የራሴን ግን ዋጥኩት፤
ኮምቦልቻ ተማሪ ሳለሁ፣ በፈተናው ቀን፣
ሰሙ ሳይረጋ አንዱን ባልዲ ውስጥ ከተትኩት፤
ሦስት አረፋ ተፍቶ ዝም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ
መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ወረድን ሐይቁ ዳር፣ ንፋስ ሳይነሳ ማለዳ፣
ከፒቪሲ ቧንቧ የተሠራ፣ ሦስት ሞተር ያዘለ እንግዳ፣
በላስቲክ የተጠፈረ፣ ሽቦው እንደ ጅራት የረዘመ፤
ሙህዬ ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን አቁሞ ተገረመ።
"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"
"ከታች ገብቶ የሚያይ ነው፣ አያ ሙህዬ፣
መረብዎን የያዘውን ድንጋይ።"
"ኧረግ! ውሃ እኮ በር አያንኳኳም፤
ዝም ብሎ ነው የሚገባው፣ ሳይታይ።
የኔ ታንኳ ደንገል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ይውላል፣
ማታ አቁሜ አደርቀዋለሁ፣ ነገ ደግሞ ይሸከመኛል።"

ወረደ።
አንድ ሜትር። ሁለት። ውሃው አረንጓዴ፣ ካሜራው ጭጋግ፣
ይመር ማብሪያውን ይጫናል፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጥግ፤
የያሲን ዞረ፣ የዘምዘም ዞረ፣
የትርንጎ አንዴ ግር አለ፣ ከዚያ ዝግ።

ጎተትነው በሽቦው፣ እጅጌያችን እየረጠበ፣
ብልቃጡን ስትከፍተው፣ ከሰሙ ሥር ውሃ ተንጠበጠበ።
አንዲት ስንጥቅ፣ የፀጉር ያህል፣ ከክዳኑ እስከ ሽቦው።
ፊቷን አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ ከኮምቦልቻ፤
"አብሽሪ" ልል ነበር፤ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ ቃሉ ብቻ።

እሷ መች ጠበቀችኝ! ሰሙን በጥፍሯ ፈለቀቀች፣
ናስትሮውን ፈታች፣ ሞተሩን በሹራቧ ጫፍ አደረቀች፣
የሙህዬ ታንኳ ላይ፣ ለፀሐይ ከተሰጣው ደንገል አጠገብ አኖረች።
ተቀመጥን። ዳቦ በላን። ዘምዘም ስለ ፊዚክስ ፈተና አማረረች።
ጥላው ሲዞር ትርንጎ ተነሥታ ባትሪ አስነካችው፦
አሳለ፣ አንገራገረ፣
ዞረ።
ሙህዬ ታንኳውን መታ መታ አደረገ፤
"አላልኩም?" አለ፣ ደሞ ወደ ሥራው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት፣ ክፍሉ ሳይሞላ፣ መሳቢያዬን ሳብኩ፣
የዐሥራ አንድ ዓመቱን ሰም በቢላ ፋቅኩ።
ዝገቱ ጣቴን አቀላው። ትርንጎ ከበሩ ቆማ አየች።
"የማን ነው ቲቸር?" አለች።
"የኔ ነው" አልኩ።
ምንም ሳትል ባትሪውን አቀበለች።